ለእኔ ማኅተም፣ ለሞተሬ ዋስ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በሞተር ሳይክል ድንበር ለመሻገር የሚያስብ ሰው ካርታ ሲዘረጋ ዓይኑ በመጀመሪያ የሚያርፈው መተማ ላይ ነው። ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአዘዞ ወደ ምዕራብ ታጥፎ ቆላውን የሚወርደው አስፋልት ደግሞ መተማ ዮሐንስ ያደርሳል፤ ሁሉም ተደምሮ 400 ኪሎ ሜትር አይሞላም። እኔም ለዓመታት ያሰብኩት በዚያ በኩል ነበር። ከሰፈሬ ብዙም ሳይርቅ ከጣና የሚወጣውን አባይ አቅጣጫ ይዤ ካርቱም ድረስ ወርጄ፣ ከነጭ አባይ ጋር የሚቀላቀልበትን ቦታ ዳር ቆሜ ማየት ነበር ምኞቴ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ነገሩ በዚያው ቀረ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሰዎች ነፍሳቸውን ይዘው በመተማ በኩል ሲገቡ፣ ያንኑ መንገድ በእርሳስ ያሰመርኩበትን ካርታ አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ ሰው በሚሸሽበት መንገድ ላይ ሽርሽር ማቀድ አሳፈረኝ።

ካርታውን መልሼ የዘረጋሁት ባለፈው ክረምት ነው። ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበትን ማየት ካልተቻለ፣ ሌላኛው የሚነሣበትን ሐይቅ ማየት ይቻላል ብዬ አሰብኩ። ነጭ አባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣው ዑጋንዳ ውስጥ፣ ጂንጃ ላይ ነው፤ ሐይቁ ግን አንድ ክንዱን ወደ ኬንያ ዘርግቶ የኪሱሙን ከተማ ይነካል፤ ስለዚህ አንድ ድንበር ብቻ ተሻግሬ ውኃውን ላገኘው እችላለሁ። ከባሕር ዳር እስከ አዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ እስከ ሞያሌ ወደ 770፣ ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ 500 ገደማ፣ ከኢሲዮሎ በናንዩኪና በናኩሩ አድርጎ ኪሱሙ ለመግባት ደግሞ ከ400 በላይ። ለመሄጃ ብቻ ከ2,200 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ነው። በአፍንጫዬ ሥር ያለውን ድንበር ትቼ በአገሪቱ ሌላ ጫፍ ያለውን መምረጤን የሰሙ ጓደኞቼ ሳቁብኝ፤ እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ።

ኪሱሙን ለማየት የምፈልግበት ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እርሱም እምቦጭ የሚባለው የውኃ አረም ነው። በእኛ ሐይቅ ላይ አረሙ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ቪክቶሪያ ላይ ግን ከዚያ ሃያ ዓመት ያህል ቀድሞ ገብቶ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ የኪሱሙን የባሕር ወሽመጥ ሸፍኖ ጀልባ አላንቀሳቅስ ብሎ ነበር። እነርሱ አረሙን የሚበላ ጢንዚዛ ለቀውበታል፤ ማሽንም ሞክረዋል፤ አረሙም እየጠፋ እየተመለሰ እስከ ዛሬ አለ። በየዓመቱ ከመስከረም በኋላ በጣና ዳር ገበሬው ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል እያየ ላደገ ሰው፣ ከእኛ ቀድሞ የታመመውን ሐይቅ መጠየቅ እንደ ዘመድ ጥየቃ ነው።

ጉዞ ማቀድ ማለት መንገድ መምረጥ፣ ሞተር ማዘጋጀትና ስንቅ መቋጠር ይመስለኝ ነበር። ሥራው ሲጀመር የገባኝ ግን ድንበር የሚሻገሩት ሁለት የተለያዩ ፍጡራን መሆናቸው ነው፤ አንዱ እኔ፣ ሌላው ሞተሬ። የእኔ ጉዳይ ቀላል ሆኖ አገኘሁት። በኢትዮጵያና በኬንያ መካከል ለረጅም ዘመን የቆየ ስምምነት ስላለ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለጉብኝት ሲሄድ ቪዛ አይጠየቅም። በ2013 ዓ.ም. በተመረቀው የሞያሌ የጋራ ድንበር ጣቢያ ደግሞ የሁለቱ አገሮች ሠራተኞች በአንድ ግቢ ስለሚሠሩ፣ የመውጫውም የመግቢያውም ማኅተም በአንድ ቦታ ይመታል። አንድ ጊዜ ተሰልፌ ፊቴን አሳይቼ አልፋለሁ ማለት ነው።

ሞተሩ ግን እንዲህ አይደለም። በጉምሩክ ዓይን ሞተሬ ተጓዥ ሳይሆን ዕቃ ነው፤ ያውም ቀረጥ የሚከፈልበት ዕቃ። ስለዚህ ሁለቱም አገሮች የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ዕቃ ይመለሳል ወይስ ተሸጦ ይቀራል? ሲወጣ በእኛ በኩል በጊዜያዊነት መውጣቱ በሞተር ቁጥሩና በሻንሲ ቁጥሩ ካልተመዘገበ፣ ሲመለስ የራሴ ንብረት መሆኑን የማስረዳው እኔው ነኝ፤ ያለ ወረቀት ከወጣ ሞተር ይልቅ በኮንትሮባንድ የገባ ሞተር ነው የሚመስለው። በኬንያ በኩል ደግሞ በጊዜያዊነት መግባቱን የሚያሳይ ሰነድ ያስፈልገዋል። ዓለም ለዚህ ያበጀው ካርኔ ዴ ፓሳዥ የሚባል ደብተር አለ፤ ተሽከርካሪው በየድንበሩ ሲገባና ሲወጣ ማኅተም ይመታበታል፤ ሳይመለስ ቢቀር ቀረጡን የሚከፍለው ደብተሩን የሰጠው የአሽከርካሪዎች ማኅበር ነው፤ ማኅበሩም በበኩሉ ከባለ ንብረቱ መያዣ ይቀበላል። በአጭሩ ደብተሩ ዋስ ነው። እኔ የተወለድኩበትን አገር ለቅቄ ስወጣ ማንም «ዋስ ጥራ» አይለኝም፤ 150 ሲሲ የምታህል ቦክሰር ሞተሬ ግን ያለ ዋስ አትሻገርም። ይህን ነገር ለእናቴ ስነግራት «እንግዲህ ከአንተ እርሷ ትበልጣለች ማለት ነው» ብላ ነበር የመለሰችልኝ።

በእኔ ጉዳይ ላይ ሌላ ቋጠሮም አለ፤ ሊብሬው በታላቅ ወንድሜ ስም ነው። ሞተሯን የገዛት እርሱ ነው፤ ለእኔ የተወልኝ መኪና ሲገዛ ነው፤ ስም ማዛወሩን ግን ሁለታችንም ዛሬ ነገ ስንል ቆየን። በከተማችን ትራፊክ ፖሊስ ፊት ይህ ችግር ሆኖብኝ አያውቅም፤ ድንበር ላይ ግን በሌላ ሰው ስም የተመዘገበ ተሽከርካሪ ይዞ መቅረብ ለሚቀጥለው ጥያቄ በር መክፈት ነው። ስለዚህ ሞተሯን ከአገር አውጥቼ እንድመልስ በግልጽ የሚፈቅድ ውክልና በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት መፈረም፣ እርሱንም ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉሞ መያዝ የግድ ሆነ። ጠቅላላ ውክልና ይበቃል የሚሉ ነበሩ፤ እኔ ግን «ወደ ኬንያ» የሚለው ቃል በወረቀቱ ላይ በፊደል ተጽፎ እንዲታይ ፈለግሁ።

ስለ መድን ስጠይቅ ያጋጠመኝ ነገር እስከ አሁን ያስቀኛል። የሦስተኛ ወገን መድናችን የሚሠራው በአገር ውስጥ ብቻ ነው፤ ከድንበር ወዲያ የሚሠራው የኮሜሳ፣ ማለትም የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ አገሮች የጋራ ገበያ፣ ቢጫ ካርድ የሚባለው ነው። ጂቡቲ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌሮች አሳምረው ያውቁታል፤ ኢትዮጵያም ኬንያም በሥርዓቱ ውስጥ ስላሉ፣ እዚህ ከራስ መድን ሰጪ የተገዛ ካርድ እዚያ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነት ይሸፍናል። ለሌላ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ቢጫ ካርድ አለ፤ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ የሆነችው ትንሿ ቢጫ ደብተር። አንድ ቢሮ ገብቼ «ለኬንያ ጉዞ ቢጫ ካርድ ፈልጌ ነበር» ስላቸው፣ ጤና ጣቢያ እንድሄድ በትሕትና ጠቆሙኝ። የለም፣ የሞተር ነው ስል፣ ለከባድ መኪና እንጂ ለሞተር ሳይክል ሰጥተን አናውቅም አሉኝ፤ ሰጥተው አለማወቃቸው ግን መስጠት አይቻልም ማለት ስላልሆነ ሥራ አስኪያጁን እስካገኝ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። ክትባቱን በሚመለከት ለሌላ ተጓዥ የሚጠቅመው ነገር ይህ ነው፦ ማስረጃው መሥራት የሚጀምረው ከተወጋ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ስለዚህ በመጨረሻው ሳምንት የሚታሰብ ነገር አይደለም። አንድ ጊዜ ከተወሰደ ግን ለዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ለረጅም መንገድ ከፍ ያለ ሞተር ያስፈልጋል የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ደርሶኛል። ሞተር ለማሳደግ አቅሙ የለኝም፤ ቢኖረኝም ግን የምለውጣት አይመስለኝም። ቦክሰር በኬንያ ከተሞችና ገጠሮች ሰው የሚያመላልሰው የቦዳ ቦዳ ሁሉ ሞተር ናት ማለት ይቻላል፤ ካንዴላዋ፣ የፍሪሲዮን ሸራዋ፣ የፍሬን ጫማዋ በየመንደሩ ሱቅ ይገኛል፤ ፉንዲ የሚሉት የእነርሱ መካኒክም ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታታታል። ትልቅና ውድ ሞተር ማርሳቢት ላይ ቢሰበር መለዋወጫው ከሌላ አገር እስኪመጣ ይጠበቃል። በነገራችን ላይ ቦዳ ቦዳ የሚለው ስም ራሱ የድንበር ልጅ ነው፤ በኬንያና በዑጋንዳ መካከል ባለችው ቡሲያ፣ በሁለቱ ኬላዎች መካከል ሰው በብስክሌት የሚያሻግሩ ልጆች «ቦርደር፣ ቦርደር» እያሉ ሲጣሩ ነው የተወለደው ይባላል። እኛ ደግሞ የፋብሪካውን ስም ወስደን ባለ ሦስት እግሯን ባጃጅ ስላልናት፣ ሞተሬም ባጃጅ ናት ብዬ ለማስረዳት ስሞክር ሰው ግራ ይጋባል።

ይሁን እንጂ ሞተር ትንሽ ስለሆነ ዝም ብሎ ይሄዳል ማለት አይደለም። በኅዳር ወር ለሙከራ ጓዜን ሁሉ ጭኜ ወደ ጎንደር ወጣሁ። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት የተመረቀውን፣ 380 ሜትር የሚረዝመውን አዲሱን የአባይ ድልድይ በኩራት ተሻገርኩ፤ ኩራቴ ግን ሐሙሲትን እንዳለፍኩ ከሰንሰለቱ ጋር አብሮ ተበጠሰ። ተጨማሪ ማያያዣ አልያዝኩም፤ ሞተሯን እየገፋሁ ወደ ሐሙሲት ተመለስኩ፤ ከዚያ በአይሱዙ ጭኜ ማታ ባሕር ዳር ገባሁ። ሞተሯን ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቋት መካኒክ ጉዷን ሲያዩ «አንተ ልጅ፣ ጉዞው ኬንያ ነው ያልከኝ ወይስ ሐሙሲት?» አሉኝ። ችግሩ ሰንሰለቱ ብቻ አልነበረም፤ ጭነቱን በሙሉ ከኋላ በመቆለሌ የኋላው ጎማ ተጎድቶ ነበር። አሁን ጥርሶቹና ሰንሰለቱ በአዲስ ተለውጠዋል፤ ከባዱ ዕቃ ከኋላው ወርዶ በሁለቱ ጎኖች ዝቅ ብሎ ይታሰራል፤ ሁለት የሰንሰለት ማያያዣ፣ የፍሪሲዮንና የፍሬን ገመድ፣ ካንዴላ፣ ሁለት የውስጥ ጎማና የእጅ መንፊያ ከእጄ አይለዩም። ልብስ ግን ወደ ሁለት ሸሚዝ ወርዷል። በዚያችው ጉዞ አንድ ጥሩ ነገር ለካሁ፤ ጭነት ይዛም ቢሆን በአንድ ሊትር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች። ስለዚህ ለመሄጃው 55 ሊትር ያህል ይበቃታል ማለት ነው።

መንገዱ ላይ ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ ያሳሰቡኝ ሁለት ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው ከባሕር ዳር መውጫው ራሱ ነው። ክልላችን ካለበት ሁኔታ የተነሣ መንገዱ አንዳንዴ ይዘጋል፤ ስለዚህ የመነሻዬን ቀን የሚወስነው የእኔ ዕቅድ ሳይሆን በዋዜማው ከአዲስ አበባ የገቡ የአይሱዙ ሾፌሮች የሚነግሩኝ ወሬ ነው። በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በፍኖተ ሰላምና በደብረ ማርቆስ አድርጌ ደጀን ስደርስ የአባይ በረሃ ይጠብቀኛል። ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ባለው ቁልቁለትና ዳገት ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ተወርዶ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል፤ ከታች በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ አለ። ቁልቁለቱን በፍሬን ሳይሆን በማርሽ መውረድ እንዳለብኝ መካኒኩ ሦስት ጊዜ ነግረውኛል፤ ፍሬን በጋለ ቁጥር እየላላ ይሄዳልና።

ሁለተኛው አዲስ አበባ ነው። የከተማዋ አስተዳደር ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ልዩ ፈቃድ የሌለው ሞተር ሳይክል በከተማዋ እንዳይንቀሳቀስ ከልክሏል። ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ የሚሄድ ባለ ሞተር ደግሞ በመዲናዋ በኩል ማለፉ አይቀርም። የእኔ መፍትሔ ቀላል ነው፦ ሱሉልታ ላይ ሞተሯን በፒክአፕ አስጭኜ ከተማዋን እንደ ዕቃ አሻግራታለሁ፤ ዱከም ላይ አውርጄ መንገዴን እቀጥላለሁ። ድንበር ሳልደርስ በገዛ አገሬ ሞተሬ ዕቃ መሆኗ አይቀርም ማለት ነው።

ከሞጆ በኋላ ያለውን በአሮጌው መንገድ በዝዋይና በሻሸመኔ ወደ ሐዋሳ፣ ከዚያ በዲላና በይርጋ ጨፌ የቡናውን አገር አልፎ ሐገረ ማርያም መድረስ ለሞተር ነጂ ደስ የሚል ነው ይላሉ። ከያቤሎ ወዲያ የቦረና ምድር ይጀምራል፤ ግመል መንገድ ሲያቋርጥ መኪና እንደማይጠብቅ ተነግሮኛል። ከመጋ በፊት የሰው ልጅ ጨው የሚያወጣበትን የኤል ሶድን ጉድጓድ ለማየት ግማሽ ቀን አስቀምጫለሁ፤ ሌላውን ሁሉ በመንገድ ላይ አያለሁ።

ሞያሌ ላይ ዓለም በግራ በኩል ይገለበጣል። እኛ በቀኝ እንነዳለን፤ ኬንያ በግራ። ይህን ያለፉ ሰዎች የነገሩኝ አደጋው በመጀመሪያው ሰዓት እንዳልሆነ ነው፤ ያኔ ሰው በፍርሃት ነቅቶ ይነዳል። አደጋው በማግስቱ ጠዋት ነው፦ ቁርስ ተበልቶ፣ ባዶ መንገድ ላይ ብቻን ሲወጣ፣ እጅና እግር ሳያስቡት ወደ ልማዳቸው ይመለሳሉ። ስለዚህ በቤንዚን ጋኑ ላይ በቀይ ቀለም «ግራ» ብዬ ጽፌያለሁ። ልጆች በሰፈር ውስጥ ሲያዩት የጠፋብኝን ነገር የምፈልግ መስሏቸው ይስቃሉ። ደንቡም ከእኛ ጠበቅ ይላል፤ በኬንያ ሞተር ነጂ የራስ ቁርና አንጸባራቂ ሰደርያ መልበስ በሕግ ግዴታው ነው። ሰደርያውን እዚሁ ገዝቼ በየቀኑ መልበስ ስለጀመርኩ በጎረቤቶቼ ዘንድ የመንገድ ሠራተኛ ሆኛለሁ።

ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው መንገድ ድሮ መኪና የሚሰባበርበት ነበር፤ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አስፋልት ነው። የሚያስፈራኝ ነፋሱ ነው። ከማርሳቢት በስተሰሜን ዲዳ ገልገሉ የሚባለው ድንጋያማ ሜዳ መጠለያ የሌለው ነው፤ በዚያው በማርሳቢት አውራጃ፣ ከቱርካና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ 365 የነፋስ ተርባይኖች 310 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ። ይህን ያህል ተርባይን የሚያዞር ነፋስ ከጎን ሲመታት ቀላል ሞተር ምን ያህል እንደሚያዛባት መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት ያለውን 250 ኪሎ ሜትር በማለዳ ተነሥቼ በቀስታ መንዳት፣ ጭነቱንም ወርዱን አጥብቦ ማሰር እንጂ ሌላ ዘዴ አላገኘሁም። በሌሊት ደግሞ በሁለቱም አገር አልነዳም።

ስለ ገንዘብና ስለ ነዳጅ ብዙ የምለው የለም። እስከ ሞያሌ በቴሌብር እቀዳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ኬንያውያን ሁሉንም ነገር የሚከፍሉበትን ኤምፔሳ በእነርሱ ሲም ካርድ አስከፍታለሁ። የነዳጅ ዋጋቸው በየወሩ አጋማሽ ላይ ስለሚከለስ የዛሬውን ዋጋ ይዞ መመደብ ዋጋ የለውም። የሰዓት ነገር ግን አስደስቶኛል፤ ሁለቱ አገሮች በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ናቸው፤ በዚያ ላይ ስዋሂሊ የሚናገር ሰው እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው፤ ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ሲሆናት «ሳ ሞጃ» ይላል፤ አንድ ሰዓት ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ግን ሰባት ስለሚሉ፣ ቀጠሮ ሲይዙ በየትኛው ቋንቋ እንደተያዘ ማስታወስ ያሻል።

የመነሻው ወቅት በዝናብ የተወሰነ ነው። በእኛ በኩል ከሰኔ እስከ መስከረም መንቀሳቀስ አይታሰብም፤ በቦረናና በሰሜን ኬንያ ደግሞ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ትንሹ ከጥቅምት እስከ ኅዳር። ሁሉም ደረቅ የሚሆንበት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ብቻ ነው። ጥምቀትን እዚሁ አክብሬ፣ የቃና ዘገሊላን ዕለት ከቤተሰብ ጋር ውዬ፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ ጥር 14 እነሣለሁ፤ በቀን ከ250 ኪሎ ሜትር ሳልበልጥ በዘጠኝ ወይም በዐሥር ቀን ኪሱሙ እገባለሁ፤ አምስት ቀን ቆይቼ እመለሳለሁ።

ውክልናው ትናንት ተፈረመ። ጽሑፉን የምታዘጋጀው ልጅ ሁሉንም ከሞላች በኋላ የሚያበቃበትን ቀን ጠየቀችን። ወንድሜ «እስኪመለስ» አላት። እንዲህ ተብሎ አይጻፍም፣ ቀን ያስፈልገዋል አለች። እርሱ ወደ እኔ ዞሮ «መቼ ነው የምትመልስልኝ?» ሲል፣ ሞተሯን ይሁን ራሴን እንደሆነ አልገባኝም። መጋቢት ላይ ዝናቡ ስለሚጀምር የካቲት 30 ይባል አልኩ። ልጅቷም የካቲት 30 ብላ ጻፈች።